በአውድማ ላይ አይቆጠርም

አያ ፋንታሁን የልጃቸውን የታየችን ሠርግ ለጥር ሃያ አራት የቆረጡት በኅዳር ወር፣ ገብሱ ከማሳ ሳይነሣ ነው። ሽማግሎች መጡ፣ ተቀመጡ፣ ጠላ ቀመሱ፣ ተስማምተው ተነሡ። የሙሽራው አባት አያ ወልደኢየሱስ በዚያ በወገራ አገር በበሬም በጎተራም የሚስተካከላቸው የሌለ ገበሬ ናቸው። ታየችን የጠየቃት አልነበረም። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ አምባ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ትማራለች።

ወሬውን ለታላቅ ወንድሟ ለአለኸኝ የነገረችው ራሷ ናት። አለኸኝ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው። ጠዋት ደወል ሳይደወል በክፍሉ ደጃፍ ጠበቀችው።

«አያ አለኸኝ፣ ዳሩኝ።»

«ለማን?»

«ለአያ ወልደኢየሱስ ልጅ።»

«ለየትኛው?»

«እኔ ምኑን አውቄ። ለአንዱ ነዋ።»

አለኸኝ ደወሉ እስኪደወል ድረስ ቆሞ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያስብ የኖረው ሌላ ነበር። ታየች ስድስተኛን ስትጨርስ ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለችው አክስታቸው ከትርንጎ ቤት አስገብቶ ሰባተኛ ሊያስቀጥላት ነው። ለእሷ ነግሯታል፤ ለአባቱ ግን አልነገራቸውም። ከፋሲካ በኋላ እነግራቸዋለሁ ሲል፣ ሌላው ቀደመው።

በዚያው ቀን ማታ የአንድ ሰዓቱን መንገድ ከእህቱ ጋር ሄደና አባቱ ፊት ተቀመጠ።

«አባ፣ ሠርጉ ይቆይ። ሰባተኛ ትግባ።»

«እስከ መቼ ይቆይ?»

«ስምንተኛን እስክትጨርስ። ሁለት ዓመት ተኩል ነው።»

«ሁለት ዓመት ተኩል የአያ ወልደኢየሱስ ልጅ ምን ሲያደርግ ይቆይ? ጥጥ ሲፈትል?»

እናታቸው ወለተ ሚካኤል ከጓዳ ሳቁ። አያ ፋንታሁን አልሳቁም።

«አንተን አስተማርኩ፤ ደመወዝተኛ ሆንክ። ሸጋ ነው። እሷ ስድስት ዓመት ተመላለሰች። ምን ታውቃለች? አሳየኝ። ፊደሉንማ ዲያቆኑም ያውቀዋል። በእጇ ሠርታ ሌላው የማይሠራውን አንድ ነገር አሳየኝና ያን ጊዜ እሰማሃለሁ።»

አለኸኝ ያን ጊዜ ሣጥኑ ትዝ አለው።

ሣጥኑ ከክረምት ጀምሮ አምባ ጊዮርጊስ በተከራያት ክፍል ከአልጋው ሥር ተቀምጧል። ጎንደር ለአስተማሪዎች በተሰጠው የክረምት ኮርስ ሳይንስ ያስተማራቸው አሜሪካዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን ለተማሪዎቹ አከፋፍሎ ነበር። ለአንዱ ካፖርት ደረሰው፣ ለሌላው መጽሐፍ። ለአለኸኝ የደረሰው በላዩ እሳት እየተፋ የሚወጣ ሮኬት የተሣለበት የካርቶን ሣጥን ነው። ሮኬቱ ግን ውስጡ የለም። ያለው ተሠርቶ ሮኬት የሚሆነው ዕቃ ነው፤ ቀጫጭን የወረቀት ቱቦ፣ ከገለባ የማይከብድ ስስ እንጨት፣ ሾጣጣ አፍንጫ፣ ከስስ ላስቲክ የተቆረጠ ጃንጥላ፣ የብረት ዘንግ፣ ሽቦ። ከዚያም ባሩድ የተጠቀጠቀባቸው፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ሁለት የወረቀት ቀለሆች። ሁለት ብቻ ስለሆኑ የሚተኮሰው አንድ ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ ለአባቱ ነገራቸው። ሮኬቱ ሁለት ደረጃ እንዳለው፣ የታችኛው ቀለህ ከመሬት አንሥቶት ሲያልቅ እሳቱን ለላይኛው አቀብሎ እንደሚወድቅ፣ ላይኛው ከዚያ ተቀብሎ ከዓይን እስኪሰወር እንደሚያወጣው፣ በመጨረሻም አፍንጫውን ገፍቶ ጃንጥላውን እንደሚዘረጋውና ሮኬቱ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ አስረዳቸው።

«እሳቱን አቀብሎ የሚወድቀው ምን ይሆናል?» አሉ አያ ፋንታሁን።

«ወድቆ ይቀራላ። ሥራውን ጨርሷል።»

«እንደኔ በለኛ።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ባለፈው ክረምት ጨረቃ ላይ ወጡ ያልከኝ እነዚሁ ናቸው?»

«እነሱው ናቸው።»

«ምን ይዘው ወረዱ?»

«ድንጋይ።»

«ድንጋይማ የኔም ማሳ ሞልቶታል። ምነው ወደዚህ ብቅ ባሉ።»

አሁን ሁሉም ሳቁ። አያ ፋንታሁን ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«እሷ ትሥራው። አንተ እጅህን አታስገባም። እሷው ለኩሳው አንተ እንዳልከው ከወጣ፣ አንተ እንዳልከውም በጃንጥላ ከወረደ፣ ሽማግሌ ልኬ ሠርጉን አስቆያለሁ። ካልሆነ ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አፍህን አትከፍትም።»

«በማርያም?»

«አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ።»

«ወየው ጉዴ! ሙሽራ ባሩድ ስትነካ!» አሉ ወለተ ሚካኤል።

ታየች ከምሰሶው ሥር ቆማ ሁሉን ትሰማለች።

ሦስት ሳምንት ፈጀባት። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ የአለኸኝ ክፍል ገብታ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። እሱ የእንግሊዝኛውን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየፈታ ያነብላታል፤ እሷ ትሠራለች። ቃሉን ጠብቆ አንድ ጊዜም እጁን አላስገባም።

ክንፎቹን ከስሱ እንጨት በምላጭ ቆረጠች። በብርጭቆ ወረቀት ጠርዛቸውን እየሳለች ለብርሃን ታያቸዋለች። በየደረጃው ቱቦ ዙሪያ ሦስት ሦስት ክንፎች እኩል ተራርቀው መቆም ነበረባቸው፤ ወረቀቱ ለዚህ የሚሆን መለኪያ ነበረበት፣ ግን አይጥ በልቶታል። አለኸኝ ማስመሪያ ሊያመጣላት ሲነሣ እሷ ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዘች። ክሩን በቱቦው አንድ ዙር ጠቀለለችው፣ ቆረጠችው፣ ለሦስት አጠፈችው፣ በየእጥፋቱ ቀለም ነካች፣ መልሳ ጠቀለለችው። ሦስቱም ምልክት በየቦታው አረፈ። ስፌት የሚሰፋ ሰው እንዲህ ያደርጋል። እሱ በመምህራን ማሠልጠኛ ያንን አልተማረም።

ኮላውን በክብሪት እንጨት ጫፍ እየነካች ትቀባና እስኪደርቅ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች።

አንድ ቀን አለኸኝ ተሳሳተ። ሁለቱን ቀለሆች አንሥቶ የተጻፈባቸውን ቁጥር አየ። የአንዱ ቁጥር በዜሮ ያልቃል፣ የሌላው በስድስት።

«ዜሮ ማለት ባዶ ነው፤ ደካማው ይህ ይሆናል» አላት። «ጠንካራው ከታች ሆኖ ይሸከም። ደካማው ከላይ ይሁን።»

ታየች ሥዕሉን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«አያ፣ ሥዕሉ ላይ ዜሮ ያለበት ከታች ነው።»

«ሣዩ ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ሁለቱ በክብደት እኩል ናቸው፤ መዘንኳቸው። ቁጥሩ የጉልበት አይመስለኝም፤ የመቆያ ነው። ዜሮ ያለበት አይቆይም፣ ሲያልቅ ወዲያው ያቀብላል። ስድስት ያለበት ስድስት ቆጥሮ ጃንጥላውን ያወጣል።»

መዝገበ ቃላቱን አገላብጦ ሲያነብ ልክ እሷ እንዳለችው ሆነ። ቀለሆቹን በእጇ አስቀመጠላትና ወደ ደጅ ወጣ። ኩራትም ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር። ይቺን ልጅ አንዱ ቤት አስገብተው ዱቄት ሊያስነፏት ነው ብሎ አሰበ።

በወረቀቱ መጨረሻ የጥንቃቄ ትእዛዞች ነበሩ። አለኸኝ ሁለቱን በአማርኛ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። አንደኛው ደረቅ ሣር ባለበት አትተኩስ ይላል። ሁለተኛው ሽቦው ሊለኮስ ተዘጋጅቶ ሳለ ማንም ወደ ሮኬቱ አይጠጋ ይላል። ታየች አራት የባትሪ ድንጋይ በቀርከሃ ውስጥ ደረደረች። አንደኛው ሽቦ ታስሯል፤ ሁለተኛው ሽቦ ልቅ ነው። ልቁ የድንጋዩን ጫፍ ሲነካ ከሮኬቱ ሥር ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ ባሩዱን ያቀጣጥላል።

የቀረው ቦታ ነበር። የትምህርት ቤቱ ግቢ በሣር ቤት ተከቧል። የግጦሹ ሜዳ ደርቋል። ከዚያም ሌላ አያ ፋንታሁን ውቂያ ጀምረዋል፤ ውቂያ የጀመረ ሰው እህሉ ጎተራ እስኪገባ ከአውድማው አይነቃነቅም፤ እዚያው ይበላል፣ እዚያው ያድራል። እሳቸው ካላዩት ደግሞ መተኮሱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አለኸኝ አውድማውን መረጠ። ደልዳላ ነው፣ በእበት ተለቅልቋል፣ ሣር የሚባል የለበትም። ክምሮቹ ከዳር ናቸው። ከአውድማው ጠርዝ እስከ ክምሩ በእርምጃ ለካ፤ ስልሳ እርምጃ ሆነ። ይበቃል አለ።

አያ ፋንታሁን ፈቀዱ፤ ግን እንዴት እንደሚተኮስ ሲጠይቁ ነገር መጣ።

«ከዐሥር ጀምሬ ወደ ታች እቆጥራለሁ» አለ አለኸኝ። «ዘጠኝ፣ ስምንት እያልኩ ዜሮ ስደርስ ትለኩሳለች።»

አያ ፋንታሁን መንሻቸውን መሬት ተከሉ።

«እዚህ?»

«እዚህ።»

«አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም? በአውድማ ላይ አይቆጠርም። ነዶ አይቆጠር፣ ቁና አይቆጠር፣ በሬ አይቆጠር። አለቀ አይባል፣ ባዶ አይባል። አንተ ገብሴ ፊት ቆመህ ከዐሥር ወደ ባዶ ልታወርድልኝ ነው? በረከቱን በአፍህ ልትጠርገው?»

«የሮኬቱ ልማድ ነው እንጂ ከገብሱ ጋር ምን አገናኘው።»

«የእሱን ልማድ በእሱ አገር። እዚህ የኔ ነው። ወይ ያለ ቁጥር፣ ወይ ይቅር።»

አለኸኝ አባቱን ያውቃቸዋል። በምልክት ተስማሙ። እሱ ከአውድማው ላይኛው በኩል ከአባቱ አጠገብ ሆኖ ጋቢውን ከፍ ያደርጋል፤ ጋቢው ሲወርድ ታየች ሽቦውን ታነካለች። እሷ በታችኛው ጠርዝ ካለው የድንጋይ ካብ ጀርባ ትሸሸጋለች። የባሩዱ ነገር ለዓይኗ አስፈርቶት፣

«አንገትሽን ብቅ እንዳታደርጊ» አላት። «በካቡ ቀዳዳ ወደኛ ብቻ ተመልከቺ። ነጩ ሲወርድ ታነኪያለሽ፣ በቃ።»

ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ሐሙስ፣ ትምህርት ቤቱ ለመከር በተዘጋበት ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ ሆነ።

ጠዋቱን ሙሉ ነፋስ አልነበረም። አያ ፋንታሁን የተበራየውን ገብስ ለነፋስ ለመስጠት ሲጠብቁ ዋሉ። በሬዎቹ ተፈተው ወደ ውኃ ወርደዋል። ወለተ ሚካኤል ከላይ ከመንገዱ ዳር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመዋል። ታየች ሮኬቱን በነጠላ ጠቅልላ አመጣችው። ክንድ የሚያህል፣ ቀይና ነጭ የተቀባ፣ ስድስት ክንፍ ያለው፣ ሦስት ከታች ሦስት ከላይ። አያ ፋንታሁን ተቀበሏትና በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። አንዱን ክንፍ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

«አንቺ ነሽ ይህን የሠራሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«ቀጥ ያለ ነው» አሉ። ከአያ ፋንታሁን አፍ ይህ ብዙ ነው። ታየች ፊቷን ወደ መሬት መለሰች፣ ግን አለኸኝ ስትስቅ አያት።

ዘንጉን በአውድማው ታችኛ ጠርዝ፣ ከካቡ ፊት ተከለችው፣ በድንጋይ አስደገፈችው፣ ሮኬቱን አስገባችበት፣ ሽቦውን አሠረች፣ ካቡ ጀርባ ገብታ ተቀመጠች። አለኸኝ ሁሉን አየ። ደኅና ነው። ጋቢው ትከሻው ላይ እንዳለ ወደ አባቱ መራመድ ጀመረ።

መንገዱን ሲያጋምስ ነፋሱ መጣ። ከሰሜን፣ ከስሜን ተራራ በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ነው። አለኸኝ ዞር ሲል ዘንጉ ከነሮኬቱ ወደ ክምሮቹ ዘምሞ አየ። እንዲህ ከተተኮሰ ወደ ሰማይ አይሄድም። ሳያስብ ተመለሰ። ታየችን «ሽቦውን ጣይው» ማለት ነበረበት። በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ነው። አላላትም። ጋቢዬ ትከሻዬ ላይ እስካለ ድረስ ምን ይመጣል ብሎ ተንበረከከና አንዱን ድንጋይ አነሣ፤ ዘንጉ ይብሱን አጋደለ።

አያ ፋንታሁን ልጃቸውን አላዩም። ቀኑን ሙሉ የጠበቁት ነፋስ ፊታቸውን መታቸው። አርባ ዓመት እንዳደረጉት አደረጉ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ገፈፉ፣ ወደ ዳር ጣሉት፣ መንሹን አነሡ።

ታየች ከላይኛው ጠርዝ ሌላ በማታሳየው በካቡ ቀዳዳ ነጩ ሲወርድ አየች።

አለኸኝ የሰማው እንደ ትልቅ ፉጨት ያለ ድምፅ ነው። እሳቱ ቀኝ መዳፉንና ጉንጩን ገረፈው፤ ወደ ኋላ ወደቀ። ከወደቀበት ሆኖ አየው። ሮኬቱ መሬቱን እየላሰ ሊባል በሚችል ቁመት ነጭ ጭስ እየጎተተ ሄደ። ከአውድማው ሳይወጣ የታችኛው ደረጃ ሥራውን ጨረሰ፣ እሳቱን አቀበለ፣ ተለይቶ በእበቱ ላይ ተንከባለለ። ሁለተኛው ደረጃ ተቀጣጠለ። ልክ እሷ እንዳለችው፣ አንድ ቅጽበት እንኳ አልቆየም። ቀጥ ብሎ ሄዶ የመሀለኛው ክምር ሆድ ውስጥ ገባ።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ክምሩ ውስጥ አንድ ነገር ፈነዳ፤ ጃንጥላውን የሚያወጣው ባሩድ ነበር። ከዚያ ከገባበት ቀዳዳ ጭስ ወጣ።

ነፋሱ ከጀርባ ነበር። መሀለኛው የገብስ ክምር ነበልባሉን ለቀኙ ሰጠ፣ ቀኙም ገብስ ነው። ግራው ስንዴ ነበር፤ እሱም ቆይቶ ተያዘ። አያ ፋንታሁን መንሹን ይዘው ሮጡ፣ ከእሳቱ የሚነደውን ነዶ እየጎተቱ ሊለዩ ሞከሩ። ወለተ ሚካኤል ኡኡታቸውን ለቀቁት። ከሸለቆው ማዶ አያ ወልደኢየሱስ ከልጆቻቸውና ከሠራተኞቻቸው ጋር ቅጠልና እርጥብ ቆዳ ይዘው እየሮጡ መጡ። ሽማግሌው ከሁሉ ፊት ነበሩ፤ ጢማቸው ተለበለበ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ሦስቱም ክምር አመድ ሆኖ ነበር። የተረፈው አውድማው ላይ ተበራይቶ የነበረው ብቻ ነው። እሱንም አያ ፋንታሁን በጋቢያቸው የሚበረውን ፍንጣሪ እየመቱ አተረፉት። ሁለት ወር የሚያበላ አይደለም።

አያ ወልደኢየሱስ ምን እንደተፈጠረ አልጠየቁም። ፊታቸውን ጠርገው፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ማታ ታየች የወንድሟን እጅ ማር ስትቀባ በጆሮው ጠየቀችው።

«ምነው ገና ሮኬቱ ሥር እያለህ ጋቢህን አወረድከው?»

«እኔ አላወረድኩም።»

«ነጩ ሲወርድ አይቻለሁ።»

«ታየች፣ ጋቢዬ ከትከሻዬ አልተነሣም።»

ከምሰሶው ላይ የአባታቸው ጋቢ ተሰቅሏል፤ ፍንጣሪ እንደ ወንፊት በሳስቶታል። ታየች አየችው፤ ከዚያ ማሩን ወደ መቀባቱ ተመለሰች። ስለዚህ ነገር ሁለተኛ አላነሡም።

በሦስተኛው ቀን ከአያ ወልደኢየሱስ ቤት ስድስት አህያ ገብስ ተጭኖ መጣ። የመጡት ሰዎች ጆንያዎቹን ከግድግዳው ሥር ደርድረው፣ «ነገ አያ ይመጣሉ፣ ከሽማግሎቹ ጋር» ብለው ተመለሱ።

ወሬው በአገሩ ተዳርሶ ነበር። ሴቶቹ ወንዝ ላይ፣ ወንዶቹ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አንድ ነገር ይላሉ። እሳቱን የለኮሰችው ልጅቷ ናት፣ የገዛ አባቷን አውድማ ያቃጠለች ሙሽራ ገፊ ናት፣ የገባችበትን ቤት ታጠፋለች ይላሉ። ታየችም ሰማችው። ሌላው ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እሷ ግን ሽማግሎቹ ከመምጣታቸው በፊት አለኸኝን ከቤቱ ጀርባ ጠራችው።

«ነገ ይጠይቃሉ» አለችው። «ማን ለኮሰ ይላሉ። አባ አይናገሩም፣ አንተ ትናገራለህ። እሷ ናት በላቸው።»

«ገፊ ይሉሻል።»

«ይበሉኝ። ገፊን ማን ያገባል? እዚህ ነው እንጂ ገፊ የምሆነው፤ ቀሐ ማን ያውቀኛል? እነሱው ራሳቸው ይተዉኛል። አባም ቃላቸውን አፈረሱ አይባሉም።»

አለኸኝ የተቃጠለ እጁን ይዞ አሰበ። ሮኬቱ ላይ ስትሠራ እንዳያት ዓይነት ነበረች፤ ነገሩን ለሦስት አጥፋ፣ ምልክት አድርጋ፣ ጨርሳ ነው የጠራችው።

«እሺ?» አለችው።

«እሺ» አላት።

አያ ወልደኢየሱስ ከሁለት ሽማግሎች ጋር መጡና ከመደቡ ላይ ተቀመጡ። ጢማቸው ግማሹ አጥሮ ነበር። ጠላ ቀረበ፤ አልነኩትም።

«አያ ፋንታሁን፣ ነገር አላስረዝምም» አሉ። «እህሉን የላክሁት ዘመድ ነን ብዬ ነው። ዘመድ ከሆንን እስከ መጪው መከር ያለው የኔ ዕዳ ነው፣ ገና እጨምራለሁ። ነገር ግን ሰው የሚለውን ሰምታችኋል። ልጄን ለገፊ አልሰጥም። እሳቱን የለኮሰው የማን እጅ ነው? እውነቱን ንገሩኝ። እሷ ከሆነች ጋብቻው ይቅር፤ አልቀየማችሁም። እህሉም ወደመጣበት ይመለስ፤ የጋብቻ እህል ነውና።»

አያ ፋንታሁን የተበሳሳውን ጋቢያቸውን ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ልጄን ጠይቁት» አሉ። «ነገሩን ያመጣው እሱ ነው።»

ሁሉም ወደ አለኸኝ ዞሩ። እሱ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከፊቱ የጆንያዎቹ ረድፍ አለ። እናቱ ከመጨረሻው ጆንያ አጠገብ ቆመዋል፤ የሰው ዕቃ መንካት እንደሚፈራ ሰው በጣታቸው ጫፍ ብቻ ነበር የያዙት። ዛሬ ጠዋት ከተረፈው ገብስ ላይ ለራት የሚሆነውን ሲሰፍሩ ሁለት ጊዜ አፍሰው ሁለት ጊዜ መልሰው አይቷቸዋል። ደመወዙ አንድ ሰው ይቀልባል። አራት አይቀልብም።

ታየች ከጓዳው መጋረጃ ወጣች።

«እኔ —» አለች።

«እኔ ነኝ» አለ አለኸኝ። ድምፁ ካሰበው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። «እኔ ነኝ የለኮስኩት። እጄን እዩት፤ የተቃጠለው የማን ነው? እሷ ከካቡ ጀርባ ነበረች፣ ምንም አልነካችም።»

ሽማግሎቹ እጁን አዩ። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። አያ ወልደኢየሱስ ረጅም ትንፋሽ አውጥተው ጠላቸውን አነሡ።

«ይኸው ነው» አሉ። «እኔም ብያለሁ። እንዲህ ያለች ሸጋ ልጅ። አስተማሪው ነው፣ ፈረንጅ ያስተማረው ነገር ነው። እግዜር ይማርህ ልጄ፣ ሁለተኛ አትንካው።»

አያ ፋንታሁን ልጃቸውን ቀና ብለው አላዩትም። ታየች መጋረጃው ሥር ቆማ ወንድሟን አየችው፣ ከዚያ ተመልሳ ገባች።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ በአጥሩ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምነው?»

«እማ እስከ መከር ምን ትብላ?»

«እሱን እኔም አስቤዋለሁ። ከአንተ በፊት አስቤዋለሁ። የጠየቅሁህ እሱን አይደለም። እሺ ብለኸኝ ነበር።»

መልሱን አልጠበቀችም፤ እንስራዋን አንሥታ ወደ ወንዝ ወረደች።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ፤ ጥር ሃያ አራት፣ እሑድ። ዳሱ ከአያ ወልደኢየሱስ በመጣው እህል ጠላውም እንጀራውም አልጎደለበትም። አለኸኝ በታሰረ እጁ ማጨብጨብ አልቻለም፣ አጨብጭብ ያለውም የለም። ታየችን በበቅሎ ይዘዋት ሲወጡ የአባቷን ጉልበት ስማ ተነሣች፤ ወንድሟ ዘንድ ስትደርስ በደንቡ መሠረት ጉንጩን ሳመችው፤ የሳመችው ያልተቃጠለውን ነው።

ሰኞ አለኸኝ ስድስተኛ ክፍል ገብቶ የስም መዝገቡን ከፈተ። ስሟ ጋ ሲደርስ ጠራው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ሳቀችና አፏን ያዘች። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ያገቡትን ሰርዝ ብለውት ነበር። አልሰረዘውም። «ቀሪ» ብሎ ጻፈ። በማግሥቱም ጠራት፤ ቀሪ ብሎ ጻፈ። እስከ ሰኔ ድረስ እንዲሁ አደረገ።